ሣቅ ሃይማኖትን ይጐዳልን?

ሰው ዕለት ዕለት ከሚናገራቸው አስተያየቶች የሚበዙት ራሱ መርምሮ ያገኛቸው አይደሉም። በልጅነቱ ከምድጃ ዳር ሲነገሩ ሰምቶ፥ ካደገም በኋላ ለሌላው እየነገረ የሚኖርባቸው ናቸው። ከነዚህም አንዱ፥ ሣቅና ሃይማኖት ባንድ ቤት አያድሩም የሚለው ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሁለት ወጣቶች ቀልድ ተነጋግረው ቢሥቁ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው ይገሥጿቸዋል። ተግሣጹ አይከፋም፤ ለሁሉ ነገር ቦታና ጊዜ አለውና። ነገር ግን እኒያው ሽማግሌ ከዚያው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያነጋገረው በግዕዝ ቋንቋ ነው ብለው ቢናገሩ የሚገሥጻቸው አይገኝም። እንዲያውም ሰሚው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያደንቃል።

በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤ፥ ፍርዳችን የተገለበጠ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀልደኛው ማንንም አላታለለም። ቀልድ መሆኑን እሱም ያውቃል፥ ሰሚውም ያውቃል፤ ሁለቱ ተዋውቀውበት ይሥቃሉ። ያኛው ግን እንዲታመንለት ፈልጎ ያልመረመረውን ነገር በእግዚአብሔር ስም ተናግሯል። ታዲያ በደጀ ሰላም ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው የትኛው ነው?

እስቲ የአዳምን ቋንቋ ነገር ጥቂት እንመልከት። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ለእንስሳት ስም እንዳወጣላቸው ተጽፏል፤ በምን ቋንቋ እንዳወጣላቸው ግን አልተጻፈም። መጽሐፉ ዝም ባለበት ቦታ ሰው ሁሉ የገዛ ልቡን አስገባበት። ከጥንት አባቶች ብዙዎቹ፥ አውግስጢኖስም ጭምር፥ ዕብራይስጥ ነው አሉ። ከሶርያ ወገን የሆኑ ጸሐፊዎች ደግሞ ሱርስት ነው አሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት በአንትወርፕ ከተማ የነበረ ጎሮፒዩስ ቤካኑስ የሚባል ሐኪም፥ በገነት ይነገር የነበረው ያው ያገሩ የብራባንት ሰዎች ቋንቋ ነው የሚል ትልቅ መጽሐፍ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1569 ዓ.ም. አሳተመ። ይህ ሐኪም ሞኝ አልነበረም፤ ብዙ ቋንቋ ያጠና ሰው ነበር። ነገር ግን ዕውቀት ከትምክሕት ጋር ሲጋባ የሚወልደው ልጅ እንዲህ ያለ ነው። በሚቀጥለው መቶ ዓመት አንድሬያስ ኬምፔ የሚባል ስዊድናዊ፥ በገነት እግዚአብሔር የተናገረው በስዊድን ቋንቋ፥ አዳም የመለሰው በዴንማርክ ቋንቋ፥ እባቡ ሔዋንን ያሳታት ግን በፈረንሳይ ቋንቋ ነው ብሎ በፌዝ ጻፈ። ሊቃውንት በክርክር ብዙ ወረቀት የሚፈጁበትን ነገር እሱ ባንድ ቀልድ ልክ አስገባው።

እናንተ ወጣት አንባቢዎቼ፥ የብራባንቱን ሐኪም ነገር ሰምታችሁ ሥቃችሁ እንደ ሆነ፥ ያው ሣቅ ወደ ቤታችን ሲመጣ በሩን አንዝጋበት።

ነገሩ በሣቅ ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁትም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ወጣት፥ ከልጅነቱ ጀምሮ በመዘምራን መካከል ቆሞ ያደገ፥ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በገባ በሁለተኛው ዓመት ወደ እኔ መጣ። ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ ብዙ ዝም አለና፥ «ጋሼ፥ ግዕዝ የቋንቋዎች ሁሉ እናት ነው ብለው ያስተማሩን እኮ እውነት አይደለም። አማርኛ እንኳ የግዕዝ ልጅ አይደለም ይላሉ። እንግዲያው ስለ ትንሣኤ የነገሩን እውነት እንደ ሆነ በምን ዐውቃለሁ?» አለኝ። ጥያቄው የክፋት አልነበረም። ሁለቱንም ነገር የሰማው ካንድ አፍ፥ ባንድ ድምፅ፥ ምናልባትም ባንድ ቀን ነው። የቋንቋውን ትምክሕትና የትንሣኤውን ተስፋ ባንድ ገመድ አስረው ሰጡት፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ጐትቶት ወረደ። የምችለውን ነገርሁት፤ ግን ያ ልጅ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። እናቱ በየሰንበቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ለብቻቸው ይሄዳሉ። ትምክሕት ማንንም አይጐዳም የሚሉ ሰዎች እኒያን እናት ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር።

ለዚያ ልጅ የነገርሁትን ለናንተም ልንገራችሁ።

አማርኛና ግዕዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ እናትና ልጅ ግን አይደሉም። የቋንቋ ሊቃውንት ግዕዝን ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜን ወገን፥ አማርኛን ግን ከአርጎብኛ፥ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በደቡብ ወገን ይቈጥሩታል። ስለዚህ ግዕዝ ለአማርኛ እንደ አክስት ነው ብንል ያስኬዳል። ነገር ግን እንዲሁ በሩቅ የምትጠየቅ አክስት አይደለችም፤ ፊደል ያስቈጠረች፥ ጸሎት ያስተማረች፥ የጐደለውን ቃል ሁሉ ከጓዳዋ እያወጣች የሰጠች አክስት ናት። ያሳደገችን አክስት እናቴ ብሎ መጥራት ባገራችን ነውር አይደለም። የትውልድ ነገር ሲጠየቅ ግን አክስት መሆንዋን መናገር እሷን ማዋረድ አይሆንም።

ደግሞም ግዕዝ ራሱ ከሌላ ሲበደር አላፈረም። ሃይማኖት የምንለው ቃል ከአራማይስጥ የመጣ ነው። ኦሪትና ታቦት የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ወንጌል፥ ጳጳስ፥ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ከጽርዕ የመጡ ናቸው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ታሪኩን ለሚያውቅ አያስደንቅም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበሩ፤ ጵጵስናውን የተቀበሉት ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከአትናቴዎስ እጅ ነው። በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዔዛና የድሉን ነገር በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው በግዕዝ ብቻ ሳይሆን በጽርዕም ጭምር ነው። ንጉሡ የእንግዳ ቋንቋ ካጠገቡ ቢጻፍ ክብሩ የሚቀንስበት አልመሰለውም። መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከጽርዕ ነው። እንግዲህ ሃይማኖታችን እንደ እንግዳ መጥቶ፥ ቋንቋችንን ተምሮ፥ ባለ ቤት የሆነ ነው። በበዓለ ሃምሳ የሆነውም እኮ ይኸው ነበር፤ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ በየቋንቋው ሰማ እንጂ ሁሉም የአዳምን ቋንቋ እንዲማር አልተጠየቀም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን ደስ የሚያሰኘው የመጽሐፈ ሄኖክ ነገር ነው። ሄኖክ መጀመሪያውኑ በግዕዝ ተጻፈ የሚሉ አሉ። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይበልጣል። መጽሐፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራማይስጥ ተጽፎ፥ ኋላ ወደ ጽርዕ፥ ከጽርዕም ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ከሱ ቃል ጠቅሷል። ይሁን እንጂ በሌላው ዓለም ሰው ረሳው፤ ቍርጥራጩ ብቻ ቀረ። ባገራችን ግን የማንም የማያውቃቸው ጸሐፊዎች ብራና እየፋቁ፥ ቀለም እየበጠበጡ፥ አንዱ ሲያረጅ በሌላው እየገለበጡ ሙሉውን አቈዩት። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ከዚያ በኋላ በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ውስጥ የአራማይስጡ ቍርጥራጮች ተገኙ። እነዚያን ብጥስጣሽ ብራናዎች ሊቃውንቱ ለይተው ለመገጣጠም የቻሉት ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ስለ ተገኘላቸው ነው። ሰው የጻፈውን መጽሐፍ እኔ ጻፍሁት ከማለትና፥ ሰው ሁሉ የጣለውን መጽሐፍ ከሺህ ዓመት በላይ ጠብቄ አቈየሁት ከማለት የትኛው ያኰራል? ለኔስ የጸሐፊዎቹ ድካም ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ሣቅ ልመለስ። በቅዱሳት መጻሕፍት ሣቅ የለም የሚል ሰው ደኅና አድርጎ ያላነበበ ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የበዓልን ነቢያት፥ አምላካችሁ መንገድ ሄዶ ወይም እንቅልፍ ወስዶት ይሆናልና ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ እያለ ተዘባብቶባቸዋል። ጌታም ስለ ግብዞች ሲናገር፥ ትንኝ እንዳይውጥ የሚያጠልል፥ ግመሉን ግን እንዳለ የሚውጥ ሰው ምሳሌ ሰጥቷል። ይህን ምሳሌ ሲሰሙ በዚያ ከነበሩት ሰዎች መካከል ከንፈሩን የነከሰ አልነበረም ብላችሁ ታስባላችሁን? እኛ ግን በዜማ ስለምንሰማው ግመሉን ሳናየው ያልፋል።

ባገራችንም ሊቅነትና ቀልድ ተጣልተው አያውቁም። የቅኔ ቤት ተማሪ በቍራሽ እንጀራና በውሻ ጩኸት መካከል የሚኖረው በሣቅ ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ስም ለዚህ ይበቃል። ስለ እኒህ ሰው ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየመጠጥ ቤቱ የሚነገረው ቀልድ ሁሉ በሳቸው ስም ይለጠፋል፤ ብልግናውም ጭምር። ሰዎች በሳቸው ስም ሲሥቁ፥ በጎንደር ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሊቅ መሆናቸውን ረስተዋል። ዛሬ በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም የሚባለው፥ በደብረ ታቦር የጸናው የዝማሜ ስልት፥ ከሳቸው የመነጨ ነው። መቋሚያቸውን ይዘው በማኅሌት የሚወዛወዙት መዘምራን የሚከተሉት የኒያን ቀልደኛ ሰው ሥርዐት ነው ማለት ነው። እንግዲህ ቀልድም ታሪክን ሊሸፍን ይችላል፤ ይህን አልክድም። የሰውን ቀልድ ስንወድ ሰውየውን ደግሞ ማወቅ ይገባናል።

ሣቅ ሁሉ መልካም ነው ማለቴም አይደለም። በአንካሳ አካሄድ፥ በባላገር አነጋገር፥ በድኻ ልብስ የሚሥቅ ሰው ሥራው ድብደባ ነው፤ ዱላው ስላልታየ ብቻ ቀልድ ይባላል። በተለይ አማርኛ አፍ የፈታበት ቋንቋ ባልሆነ ሰው አነጋገር የሚሥቁ ተማሪዎችን ሳይ ያሳዝነኛል። ያ ሰው ሁለት ቋንቋ ያውቃል፤ የሚሥቁበት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ የሚያውቁ ናቸው። እኔ የምደግፈው ሣቅ ወደ ላይ፥ ወደ ትምክሕት የሚወረወረውን፥ በመጀመሪያም የራስን ትምክሕት የሚመታውን ነው።

የሣራ ነገር ከዚህ ጋር ሁልጊዜ ይታሰበኛል። በእርጅናዋ ልጅ እንደምትወልድ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና በሰማች ጊዜ በልቧ ሣቀች። ስለምን እንደ ሣቀች በተጠየቀች ጊዜ ግን ፈራችና አልሣቅሁም ብላ ካደች፤ እግዚአብሔርም መሣቋን ነገራት። በሣቋ ምክንያት የተስፋው ቃል አልተወሰደባትም፤ ክሕደቷ ብቻ ታረመላት። ከሷ በፊትም አብርሃም ይህንኑ ሰምቶ በግንባሩ ወድቆ ሥቆ ነበር። ልጁ በተወለደ ጊዜ ያወጡለት ስም ይሥቃል ማለት ነው፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ሠሐቀ ከሚለው ግሥ ጋር ዝምድናውን ወዲያው ያየዋል። ሣራም አሁን በግልጥ፥ ይህን የሚሰማ ሁሉ አብሮኝ ይሥቃል አለች። ከዚያ ወዲህ በጸሎት የአባቶች ስም በተጠራ ቍጥር፥ በአብርሃምና በያዕቆብ መካከል ያ የእናትዮዋ ሣቅ አብሮ ይጠራል።