ለጥቂቶች የተሰጠ ቃል

ሰው በድካሙ ያፈራው ሥራ የማን ነው? የሠሪው ነውን ወይስ ወድደው የተቀበሉት ሰዎች? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ከሸጠ በኋላ ጋቢው የገዢው እንደሚሆን፥ ሸማኔውም ከገዢው ጋር ሌላ ጕዳይ ሳይኖረው ወደ ሥራው እንደሚመለስ ሁሉ ያውቃልና። ዳሩ ግን የሚሸጠው ጋቢ ሳይሆን ዜማ፥ የሚከፈለውም ዋጋ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ፍቅር በሆነ ጊዜ ነገሩ ይጠልቃል። ዘፋኙን ማንም ሳያውቀው ያወቁት፥ በጠባብ ክፍል ከእርሱ ጋር አብረው ያላባቸው ጥቂት ሰዎች፥ ወደ አደባባይ በወጣ ጊዜ «አንተ የእኛ ነበርህ» ቢሉት እውነት አላቸውን? ወይስ ፍቅራቸውን ወደ ባለቤትነት ለውጠውታል?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ይህን ጥያቄ እንዲያው በአሳብ ብቻ ከማውጣትና ከማውረድ በእውነት በሆነ ታሪክ መመርመር ይሻላል። ታሪኩም በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሆነ፥ ጆውብሬከር የተባለ የሦስት ሰዎች ባንድ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፓንክ የተባለው የሙዚቃ ዓይነት በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን የተነሣ ነው። በጊታር፥ በቤዝና በከበሮ በፍጥነትና በኀይል የሚመታ፥ ብዙ ትምህርትም የማይጠይቅ በመሆኑ፥ ገንዘብም አስተማሪም የሌላቸው ወጣቶች ገቡበት። ከጊዜ በኋላም ጩኸቱን ሳይተው የዜማ ጣዕም የጨመረበት ቅርንጫፍ ወጣ፤ እርሱም ፖፕ ፓንክ ተባለ። የእነዚህ ሰዎች ሥርዓት ግን በዜማው ብቻ የሚታወቅ አልነበረም። የትልልቆቹን የሸክላ ኩባንያዎች ደጅ አንጠናም ብለው፥ ሸክላቸውን ራሳቸው አሳተሙ፤ ጋዜጣቸውን ራሳቸው ጻፉ፤ አዳራሻቸውንም ራሳቸው ከፈቱ። ድህነታቸውንም እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ነጻነት ቈጠሩት።

ከአዳራሾቹ ሁሉ ስመ ጥሩው በበርክሊ ከተማ በጊልማን መንገድ በቍጥር 924 ያለው ነው። በ1986 ዓ.ም. በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት ተከፈተ። የሚያገለግሉት ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ሕፃንም ሽማግሌም ይገባበታል፤ መጠጥ አይገባበትም፤ ጠብና ሰውን በዘሩ መናቅም ክልክል ነው። ከሕጎቹም አንዱ፥ ከትልቅ ኩባንያ ጋር የተዋዋለ ባንድ በዚህ ቤት አይጫወትም የሚል ነበር። ይህ ሕግ ከምቀኝነት ብቻ የመጣ አይደለም። ኩባንያ ለያዘው ባንድ ሌላ መድረክ ሞልቶለታል፤ ማንም ለማያውቀው የሰፈር ልጅ ግን ከዚህ ቤት በቀር የለውም። ትልቁ ዛፍ በጥላው ችግኙን እንዳያቀጭጨው ለችግኙ ቦታ መለየት የመልካም አትክልተኛ ብልሃት ነው።

ብሌክ ሽዋርዘንባክ፥ ክሪስ ባወርማይስተርና አዳም ፋለር በ1980ዎቹ ዓመታት በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ባንዱን ጀመሩ፤ ኋላም ወደ ሎስ አንጀለስ፥ ከዚያም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጡ። የመጀመሪያው ትልቅ ሸክላቸው በ1990 ዓ.ም. ወጣ። ግጥሙን የሚጽፈው ሽዋርዘንባክ ነበረ፤ የሚጽፈውም ስለ ብቸኝነት፥ ስለ ጓደኛ ማጣት፥ ስለ ሕመምና ስለ ከተማ ሌሊት ነው። ድምፁ ሻካራና የተሰነጠቀ ነበረ፤ ሰሚዎቹም ከስንጥቁ ውስጥ የራሳቸውን ኀዘን ይሰሙ ነበር።

የእንደነዚህ ያሉ ባንዶች ጨዋታ በቴአትር ቤት እንደሚታየው አይደለም። መድረኩ ዝቅ ያለ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ የለም። የሚዘፍነውና የሚሰማው ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፤ ሰሚው ግጥሙን በቃሉ ስለሚያውቀው ዘፋኙ ሲደክመው ሕዝቡ ይቀበልለታል። ጨዋታው ሲያልቅ ባለ ጊታሩ ሸክላውንና ሸሚዙን በገዛ እጁ ይሸጣል፤ የቤንዚኑን ዋጋ ከደጁ ገንዘብ ቈጥሮ ይወስዳል፤ ሌሊቱንም ከሰሚዎቹ በአንዱ ቤት ወለል ላይ ይተኛል። በማግሥቱ በአሮጌ መኪና ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እንግዲህ ሰሚው ገዢ ብቻ አይደለም፤ አብልቷል፥ አሳድሯል፥ አዝማች ሆኖም ዘፍኗል። «የእኛ ነበርህ» የሚለውም ቃል ከዚህ ይወለዳል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ በአውሮፓ ሲዘዋወር በሽዋርዘንባክ ጕሮሮ ውስጥ እብጠት በቀለ፤ በቀዶ ሕክምናም ተወገደለት። በ1993 ዓ.ም. በግንቦት ወር ስቲቭ አልቢኒ በቺካጎ ሸክላ ቀረጸላቸው፤ ሸክላውም በ1994 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ወዳጅ አገኘ። በመካከሉ በ1993 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ ስሙ የገነነው ኒርቫና ጥቂት ሌሊቶች ከፊቱ እንዲጫወቱለት ጠራቸው፤ ሄዱም። ወዲያው ሐሜት ተነሣ፤ ዛሬ ከትልቅ ባንድ ጋር የተጫወተ ነገ ለትልቅ ኩባንያ ይሸጣል ተባለ። ሽዋርዘንባክ ግን ከትልቅ ኩባንያ ጋር እንደማይዋዋሉ በመድረክ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ይናገር ነበር።

ያ ዘመን የፍርሃት ዘመን ነበረ። ከጊልማን ቤት ያደገው ግሪን ዴይ በ1993 ዓ.ም. ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፥ በ1994 ዓ.ም. በየካቲት ያወጣው ዱኪ የተባለ ሸክላ በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በሕጉም መሠረት ያሳደገው ቤት ደጁን ዘጋበት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጄሎ ቢያፍራ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ የቀድሞ የፓንክ ዘፋኝ በዚሁ አዳራሽ ውስጥ «ለገንዘብ የተሸጠ» ተብሎ ተደበደበ፤ እግሩም ክፉኛ ተጐዳ። ይህ ሰው ከትልቅ ኩባንያ ጋር ያልተዋዋለ፥ የገዛ ራሱን ትንሽ የሸክላ ድርጅት የሚመራ ነበር። እነሆ ቤትን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ሰውን ለመምቻ ዱላ ሆነ፤ ጠብ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ባለበት ቤት ስለ ንጽሕና ሲባል የሰው እግር ተጐዳ።

ጆውብሬከርም በመጨረሻ ዲጂሲ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ገንዘቡ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ነበረ ተነግሯል። በ1995 ዓ.ም. በመስከረም ወር ዲር ዩ የተባለው ሸክላ ወጣ፤ አሠሪውም ዱኪን ያሠራው ሮብ ካቫሎ ነበረ። ድምፁ የጠራ፥ የዘፋኙም ጕሮሮ የለሰለሰ ሆነ፤ የልስላሴውም ምክንያት በከፊል የስቱዲዮው አሠራር፥ በከፊልም ያ ሕክምና ነው። ከዚህ በኋላ በየከተማው ባንዱ የአዲሱን ሸክላ ዘፈን ሲጀምር ከቀድሞ ወዳጆቹ አንዳንዶቹ ጀርባቸውን ወደ መድረኩ አዙረው ወለሉ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሸክላው ኩባንያው ተስፋ እንዳደረገው አልተሸጠም። በ1996 ዓ.ም. በጕዞ ላይ ሳሉ ሽዋርዘንባክና ባወርማይስተር ተጣልተው እስከ መማታት ደረሱ፤ ባንዱም ፈረሰ።

እንግዲህ ፍርዱ እንዴት ነው? በመጀመሪያ የሰሚዎቹ ወገን ይነገር። አባቶች ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለዋል። ቃል በአደባባይ ከተሰጠ፥ ሰሚውም ቃሉን አምኖ ቤቱንና እንጀራውን ካካፈለ፥ ያ ቃል ነፋስ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ማንም ሳያስገድደው «አላደርግም» ያለ ሰው ያንኑ ሲያደርግ ቢገኝ፥ ያመኑት ሰዎች ቢያዝኑ ማን ይነቅፋቸዋል? ደግሞም የሚያጡት ነገር እውነተኛ ነው። ባንዱ ሲያድግ ጠባቡ ክፍል ይቀራል፤ በዘፋኙና በሰሚው መካከል አጥር ይቆማል፤ ትናንት ወለል ላይ ያደረው እንግዳ ዛሬ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ይሆናል። ይህን ማጣት ቀላል ነው የሚል ሰው እንዲህ ያለ ቤት ኖሮት የማያውቅ ነው።

የዘፋኞቹም ወገን ይነገር። ድህነትን በጋራ ማመስገን መልካም ነው፤ ነገር ግን ድህነቱ ለሁሉ እኩል አይደለም። ሰሚው ለአንድ ሌሊት ከድሆቹ ጋር ድሃ ሆኖ ያመሽና በማግሥቱ ወደ ሥራው ወይም ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ዘፋኙ ግን ዓመቱን ሙሉ በአሮጌ መኪና ውስጥ ነው። ዕድሜው ወደ ሠላሳ የተጠጋ፥ ጕሮሮውን በቢላዋ የታከመ ሰው ቀድሞ የተናገረውን ቃል መርምሮ ቢለውጥ፥ ከስስት ብቻ ነው ማለት ፍርድን ማጕደል ነው። ይልቁንም «ድምፅህ ለሰለሰ» ብሎ የከሰሰው ሰው ምን እንደ ጠየቀ አላስተዋለም። የወደደው ሻካራ ድምፅ ከቍስል አጠገብ ይወጣ የነበረ ነው። የቍስሉን መዳን እንደ ክዳት የሚቈጥር ወዳጅ፥ ለወዳጁ ጤና ሳይሆን ለራሱ ጆሮ ያዘነ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። አንደኛው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ሰውዬው ራሱ ነው። በቃሉ ላይ ሰሚው መብት አለው። ቃሉን ሊጠብቅ ያልቻለ ሰው፥ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ቃል ወደ ሰጣቸው ሰዎች ተመልሶ «እንዲህ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንዲህ ሆንሁ» ብሎ ፊት ለፊት ሊነግራቸው ይገባል፤ የቃል ዕዳ በገንዘብ አይከፈልም፥ በእውነተኛ ቃል ይከፈላል እንጂ። እነርሱም ሊጠይቁት፥ ሊወቅሱት፥ ቢፈልጉም ከደጁ ሊቀሩ ይችላሉ። በሰውዬው ላይ ግን፥ ይኸውም በእንጀራው፥ በጕሮሮው፥ በማደጉና በመለወጡ ላይ መብት የላቸውም። አብልተውት ቢሆን እንግዳ አበሉ እንጂ ባሪያ አልገዙም። ጊልማን በደጁ ላይ ሕግ ማውጣቱ ትክክል ነበረ፤ የደጁን ሕግ ወስዶ በሰው ነፍስ ላይ ፍርድ ማድረግ ግን ትክክል አልነበረም።

ጀርባውን አዙሮ የተቀመጠው ሰው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። የጠላ ሰው ትኬት አይገዛም፤ የረሳ ሰውም ከቤቱ አይወጣም። ይህ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፥ መንገዱን ሄዶ፥ ከመድረኩ ፊት ተቀምጦ የማይመለከት ነው። ጀርባው «ተጐድቻለሁ» ይላል፤ ነገር ግን ጀርባ አፍ የለውምና ከመድረክ ላለው ሰው የሚሰማው «ሂድ» የሚል ብቻ ነው። የተጐዳ ፍቅር አፉን ከፍቶ ቢናገር ምናልባት ይታረቅ ነበር፤ ዝም ብሎ ሲቀጣ ግን የሚቀጣውን ያጠፋዋል።

ዘመን ሲያልፍ ሸክላው ራሱ መሰከረ። ከገበያ ጠፍቶ የነበረውን ዲር ዩን ባለ ከበሮው አዳም ፋለር በ2004 ዓ.ም. በገዛ ትንሽ ድርጅቱ እንደገና አወጣው፤ ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሰዎችም ያለ ቍጣ ሰሙት፥ ወደዱትም። በ2015 ዓ.ም. ግሪን ዴይ በእሳት ለተጐዱ አንድ የመጻሕፍት አሳታሚና አንድ ማተሚያ ቤት መርጃ በዚያው በጊልማን አዳራሽ ተጫወተ። በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር ደግሞ ሦስቱ የጆውብሬከር ሰዎች ከ21 ዓመት በኋላ በቺካጎ በሪዮት ፌስት በዓል በብዙ ሕዝብ ፊት አብረው ቆሙ። ሕዝቡም ፊቱን ወደ እነርሱ አድርጎ ዘፈኖቹን በቃሉ ተቀበለላቸው። ያ ፍርድ እውነት ቢሆን ኖሮ ዘመን ያጸናው ነበር፤ ነገር ግን ቍጣው አለፈና ዜማው ቀረ። በመካከሉ የጠፋውን 21 ዓመት ግን ለዘፋኙም ለሰሚውም የሚመልስለት የለም።

ይህ ነገር ለዘፋኝ ብቻ የተነገረ አይደለም። መምህር ከሰፈሩ ልጆች አልፎ ለብዙዎች ሲያስተምር፥ ጸሐፊ ከጓደኞቹ አልፎ ለማያውቁት ሲጽፍ፥ ልጅም ከአባቱ ቤት ሲወጣ ያው ጥያቄ ይመጣል። ቀድሞ የወደደ ሰው መጠየቅ የሚችለው ቃሉን ነው፤ ክንፉን ግን አይደለም።

ወፏን የወደደ ክንፏን አይቈርጣትም፤
ክንፏን ለቈረጠ አትዘምርለትም።