ሁለት እውነተኛ ክሊፖች፣ አንድ ውሸት

 

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ኮምፒውተርና ስለ ቪዲዮ ነው። "ሐራም ነው፣ ዝጉት" ሊለን ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ እኔም የዚህ ነገር ፍቅር የያዘኝ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኤዲቲንግ ለመድኩ። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሬንደር እንዲያደርግ ትቼው እተኛለሁ፤ የማሽኑ ፋን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል። ለሱብሒ ስነሳ መብራት ጠፍቶ ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦ አገኘዋለሁ። እንደገና እጀምራለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከፈለኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ከእናንተም መካከል ይህን ደስታ የሚያውቅ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እውነተኛ ምስል ብቻ ተጠቅሞ መዋሸት ይቻላል?

የሆነውን ልንገራችሁ። ለጀመዓችን የምርቃት ፕሮግራም ቪዲዮ እያዘጋጀሁ ነበር። ኡስታዛችን ደርስ ሲሰጡ የቀረጽኩት አለኝ። አንድ ከእኛ በታች የሆነ ተማሪ የመስጂዱን ግድግዳ ተደግፎ ሲያንቀላፋ የቀረጽኩትም አለኝ። ሁለቱ የተቀረጹት በተለያየ ቀን ነው፤ ልጁ ያንቀላፋው ሱብሒ ከተሰገደ በኋላ፣ ደርስ በሌለበት ሰዓት ነው። እኔ ግን ኡስታዙ ስለ ዕውቀት ክብር ሲናገሩ ቆረጥኩና የልጁን እንቅልፍ አስከተልኩበት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ልጁ ያን ሌሊት የታመመ የዶርም ጓደኛውን ክሊኒክ ሲያስታምም አድሮ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደርስ መምጣቱን ተወ።

ቆይቼ ስለ ፊልም ታሪክ ሳነብ፣ ያደረግኩት ነገር ስም እንዳለው አወቅኩ። ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የሩሲያ የፊልም ሰው ምንም ስሜት የማይታይበት የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተኛች ሕፃን፣ አንድ ጊዜ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቾቹ "እንዴት ረሃቡን አሳየ! እንዴት ሐዘኑን አሳየ!" ብለው ተዋናዩን አደነቁ ይባላል። ፊቱ ግን በሦስቱም ላይ ያው ነበር። የፊልም ሰዎች ይህን "የኩሌሾቭ ውጤት" ይሉታል።

እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት። በሰከንድ 25 ፍሬም ያለው ቪዲዮ በአንድ ደቂቃ 1,500 ምስል ይይዛል። ከእነዚያ ምስሎች አንዱንም አልለወጥኩም። ሁለቱን ክሊፖች ጎን ለጎን ማስቀመጤ ብቻ ልጁን ያልሠራው ጥፋት ባለቤት አደረገው።

የሚያሳፍረኝ፣ ይህን ትምህርት መድረሳ ሳለሁ ቀድሜ ተምሬው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከውስጥ እርጥብ ማግኘታቸውን ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። ልብ በሉ፤ ከላይ ያለውም ከሥር ያለውም እውነተኛ እህል ነው። ማታለሉ ያለው አደራደሩ ላይ ነው። የሐዲስ ሊቃውንትም አንድ ዘጋቢ ከሸይኹ በቀጥታ ያልሰማውን የሰማ በሚያስመስል ቃል ሲያስተላልፍ "ተድሊስ" ብለው ነውሩን አጋልጠዋል፤ ቃሉ ለብቻው ሲታይ ውሸት ባይሆን እንኳ።

"ታዲያ ምንም አንቁረጥ?" ትሉኝ ይሆናል። ቁረጡ እንጂ! የአንድ ሰዓት ደርስ ወደ አምስት ደቂቃ ማሳጠር ለሰው ጊዜ ማዘን ነው። የተናጋሪውን ሳልና መንተባተብ ማውጣትም ነውሩን መሸፈን ነው። ጥያቄው ከተቆረጠ በኋላ የቀረው የመጀመሪያውን ትርጉም ይዟል ወይ የሚለው ነው። እኔ ዛሬ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ቢያየው "አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት፤ እንዲህ ነው የሆነው" ሊል ይችላል? የምንተቸው ሰው ከሆነስ? እሱም ሐቅ አለው። ባጠፋው ይጠየቅ፤ ባላጠፋው ግን ኤዲተር ጥፋት ሊሠራለት አይገባም።

ልጁን ፈልጌ ሄድኩና "አውፍ በለኝ" አልኩት። "አውፍ ብያለሁ" አለኝ፤ አላህ ይውደደው። ቪዲዮው ግን ያኔ ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስንሳሳት ኮንትሮል ዜድ ተጭነን እንመልሰዋለን። እኔ ግን የእያንዳንዱን ተመልካች ስልክ እያንኳኳሁ "ያ ልጅ ደርስ ላይ አልተኛም ነበር" ማለት አልቻልኩም። ይቅርታውን አገኘሁ፤ ደርሱ ላይ ግን ተመልሶ አላየሁትም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የምትወዱትን ሥራ አትተዉት፤ ተማሩት፣ ተራቀቁበት። ነገር ግን ዛሬ ከዐስር በፊት ያልለቀቃችሁትን አንድ ቪዲዮ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁርጥ እዩት። የሚያጠራጥራችሁ ካለ ከመልቀቃችሁ በፊት ለባለቤቱ አሳዩት። የለቀቃችሁት ካለና ሰው የጎዳ ከሆነ ደግሞ አንሱት፤ ሄዳችሁም አውፍ በሉኝ በሉ። የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት ያለ ባለቤቱ አይሞላምና።

አላህ እጃችንን ለእውነት ምስክር ያድርግልን። አሚን። መልካም ጁምዓ!