ብርታት በጥርስ ይለካልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከባሕር ፍጥረታት ሁሉ ብርቱው ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «ሻርክ» ብለን ለመመለስ እንቸኩላለን። ብርታትን የምንለካው በሚያስፈራን ነገር ነውና። ዓሣ ነባሪን ግን የምናስታውሰው ምናልባት በጾመ ነነዌ የዮናስ ታሪክ ሲነበብ ብቻ ይሆናል። እስቲ ሁለቱን አቀራርበን እንመልከት።

ታላቁ ነጭ ሻርክ እስከ 6 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክብደቱም 2 ቶን ያህል ሊደርስ ይችላል። ጥርሱ በወለቀ ቁጥር ከኋላ የተሰለፈው ይተካዋል። በውኃ ውስጥ የፈሰሰ ደም ያሸታል፤ ከሌሎች እንስሳት ሰውነት የሚወጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል እንኳ ይለያል። በእውነት ለአደን የተሟላ ፍጥረት ነው።

ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ደግሞ እስከ 30 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ክብደቱም ከ100 ቶን ያልፋል። ይህም ሃምሳ ሻርኮች በአንድነት እንደ መመዘን ነው። ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ አየር ለመሳብ ከውኃው በላይ ብቅ ይላል፤ ልጁንም ወተት ያጠባል። ጥርስ ፈጽሞ የለውም፤ ምግቡም ክሪል የሚባል፣ ከሰው ጣት የማይበልጥ ፍጥረት ነው። ስፐርም የተባለው ሌላው ዓሣ ነባሪ ደግሞ ትንፋሹን አንድ ሰዓት ያህል ይዞ ከ1,000 ሜትር በታች መጥለቅ ይችላል።

ታዲያ በጥርስ ለሚመካ ሁሉ ከእርሱ የባሰ ጥርስ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ጉበታቸው የወጣ ነጭ ሻርኮች ሞተው ተገኝተዋል፤ ያደናቸውም የዶልፊን ወገን የሆነው ኦርካ ነው።

እንግዲህ ዓሣ ነባሪ ጻድቅ፣ ሻርክ ኃጥእ ነው እንበልን? አይደለም። ሻርክ የሚያድነው ጠልቶ ሳይሆን ተርቦ ነው። ዓሣ ነባሪም ቢሆን በአንድ ጉርሻ እልፍ ነፍሳትን ይውጣል። እንስሳ እንደ ተፈጠረበት ይኖራል፤ መምረጥ የተሰጠው ለሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል።

ሰው በአካሉ ከሁለቱም ያንሳል። ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ለዘይትና ለሥጋ ሲል ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎችን ገደለ። ያ ሁሉ ግዝፈት ከሰው እጅ አላዳናቸውም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1986 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ጥቂት አገሮች ባይቀበሉትም ብዙዎቹ መርከባቸውን አቆሙ። መግደል እየቻሉ እጅን መሰብሰብም ብርታት ነው።

ልብ እንበል፤ መጉዳት ስላልቻልን ብቻ ሳንጎዳ ብንቀር ትዕግሥተኞች አያሰኘንም። ትዕግሥት የሚታወቀው የሚችል ሰው ሲታገሥ ነው። ይሁን እንጂ መታገሥ ብቻውን አይበቃም። ስፐርም ዓሣ ነባሪዎች ጠላት ሲመጣባቸው ግልገሎቻቸውን መካከል አድርገው ዙሪያውን ይከባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ትልቁ አካል ለትንሹ ቅጥር ይሆናል።

እኛም ወጣቶች የየራሳችን ኃይል አለን። አንዱ ትምህርት፣ ሌላው አንደበት፣ ሌላው ገንዘብ ወይም ጉልበት ተሰጥቶታል። ንባብ የከበደውን ታናሽ ወንድማችንን በጉባኤ መካከል በአንድ ቃል ልናሳፍረው እንችላለን፤ በዚያው አንደበት ልናስጠናውም እንችላለን። ኃይሉ አንድ ነው፤ ፍሬው ግን ሁለት ነው። ስለዚህ «ማን ይፈራናል?» ማለቱን ትተን «በእኛ ጥላ ሥር ማን ያለ ስጋት ይኖራል?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።