የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ስለ ዕውቀት ዕርዳታ

በደቡባዊ የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ የፋብሪካው የቀን ፈረቃ ሲወጣና የማታው ሲገባ፣ በየሠራተኛው ቤት ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ ልጆች ደብተራቸውን ይዘረጋሉ። ከእነዚህ ቤቶች በአንደኛው አንዲት ተማሪ ለነገ የተሰጣትን የጂኦሜትሪ ጥያቄ ይዛ ተቀምጣለች እንበል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ማዕዘኖቹ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» የሆኑ አንድ ጎነ ሦስት አለ። «ለ»ን ከ«ሐ» በሚያገናኘው ጎን እኩሌታ ላይ «መ» የተባለ ነጥብ ይገኛል። «መ» ከ«ሀ»ም፣ ከ«ለ»ም፣ ከ«ሐ»ም እኩል የሚርቅ ከሆነ፣ ማዕዘን «ሀ» 90 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ።

ልጅቱ ሥዕሉን ደጋግማ ትመለከታለች። በጥያቄው ውስጥ የአንድም ጎን ርዝመት፣ የአንድም ማዕዘን ልክ አልተሰጠም፤ ታዲያ 90 ከወዴት ይመጣል? ሲጨንቃት ደብተሯን ይዛ ወደ ጎረቤት ትሻገራለች። ጎረቤቷ ዕድሜውን በቶርኖ ላይ ያሳለፈ፣ ስኳድራ ከእጁ ተለይቶት የማያውቅ የብረታ ብረት ሠራተኛ ነው። «ጋሼ፣ ይህችን ጥያቄ ይሥሩልኝ» ትለዋለች። ከባዱ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዐዋቂ ላላወቀ ምን ያህል ሊሰጠው ይገባል?

በሰውየው ፊት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው እርሳሱን ተቀብሎ በአምስት ደቂቃ ሠርቶ መስጠት ነው። ልጅቱ አመስግና ትሄዳለች፤ ገልብጣ ታስረክባለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጊዜ የሚፈጅ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። «ከ‹ሀ› እስከ ‹መ› መስመር ብታሰምሪ ስንት ጎነ ሦስት ይታይሻል?» ብሎ ይጠይቃታል። አንድ የነበረው በሁለት መከፈሉን ታያለች። «እኩል የሆኑት ጎኖችስ የትኞቹ ናቸው?» ይላታል። ሁለቱም ትንንሽ ጎነ ሦስቶች ሁለት ሁለት እኩል ጎን እንዳላቸው ትደርስበታለች። እኩል ጎኖች ካሉ ደግሞ ከእነርሱ ፊት ለፊት ያሉት ማዕዘኖችም እኩል መሆናቸውን ከክፍል ትምህርቷ ታስታውሳለች። እንግዲህ በ«ሀ» ላይ ያለው ማዕዘን በመስመሩ ሲከፈል፣ አንዱ ክፋይ ከ«ለ» ጋር፣ ሌላው ክፋይ ከ«ሐ» ጋር እኩል ነው። ስለዚህ «ሀ» ብቻውን የሁለቱን ድምር ያህላል። የሦስቱ ድምር 180 ከሆነ፣ የ«ሀ» ድርሻ ግማሹ ነው፤ ይኸውም 90።

መምህሩ በማግሥቱ ደብተሩን ሲያርም በሁለቱም መንገድ የተገኘው መልስ አንድ ነው፤ በሁለቱም ላይ ራይት ይሰጣል። ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ አይታይም። የሚታየው በልጅቱ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ረዳት መልሱን ሰጥቶ ጥያቄውን ወሰደባት። ችግሩ የእርሷ ንብረት ነበር፤ ከችግሩ ጋር በመታገል የምታገኘው ኃይልም የእርሷ ነበር። በስጦታ መልክ የሚፈጸም ንጥቂያ አለ ማለት ይህ ነው።

ይህ ክርክር ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ፕላቶ «ሜኖ» በተሰኘው ድርሳኑ ሶቅራጥስን ከአንድ ባሪያ ልጅ ጋር ያገናኘዋል። ጥያቄው ጎኑ 2 ጫማ የሆነን አራት ማዕዘን ስፋት እጥፍ ማድረግ ነው። ልጁ ጎኑን 4 ጫማ ቢያደርገው ስፋቱ 16 ሆነበት፤ 3 ጫማ ቢያደርገው 9 ሆነበት፤ የሚፈለገው ግን 8 ነበር። ሶቅራጥስ በዚህ ጊዜ ልጁን አላፈረበትም፤ አለማወቁን ማወቁ እንደ ጠቀመው ተናገረ። ከዚያ በኋላ ነው አራት ማዕዘኑን ወደ ጎነ ሦስት የሚከፍለውን መስመር ያሳየው። ልብ ማለት የሚገባው፣ መስመሩን ያመጣው ሶቅራጥስ ራሱ መሆኑን ነው። ስለዚህ ንጹሕ ጥያቄ ብቻ የሆነ ዕርዳታ የለም፤ የአቃቂው ሠራተኛም መስመሯን ጠቁሟል። ቁም ነገሩ መስመሩ የመጣበት ሰዓት ነው፤ ተማሪው ታግሎ፣ ተሳስቶ፣ የመስመሩ አስፈላጊነት ከተሰማው በኋላ።

ሆኖም በዚያ ድርሳን አንድ ዝም የተባለ ነገር አለ። ልጁ ማሰብ እንደሚችል ከተመሰከረለት በኋላ ስሙ እንኳ ሳይጠቀስ ወደ ባርነቱ ይመለሳል። የማሰብ ችሎታው ለጌቶቹ ክርክር ማስረጃ ሆኖ አገለገለ እንጂ ለእርሱ ነፃነት አላስገኘም። ተረጂውን የራስ ዕውቀት ማሳያ የሚያደርግ ዕርዳታ እንግዲህ፣ ዘዴው ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ጎደሎ ነው።

የአገራችን የቅኔ ጉባኤ ቤት ይህን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሥራ ያውቀዋል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፤ ምስጢሩን ይፈታል፤ አገባቡን ያሳያል። ተማሪው ግን የመምህሩን ቅኔ መልሶ በማሰማት ባለ ቅኔ አይባልም። የራሱን ቆጥሮ ያቀርባል፤ ይታረማል፤ እንደ ገና ይቆጥራል። ሰሙን መስማት ለሁሉም ነው፤ ወርቁን ግን እያንዳንዱ ራሱ ቆፍሮ ማውጣት አለበት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ብሂል ስለ ጌጥ ብቻ የተነገረ አይደለም።

የሰው ወርቅ በአገር ደረጃ ሲለመድ ምን እንደሚያስከትል የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያሳያል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና፣ ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመግታት፣ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑት ተደረገ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ጦርነትና ወረርሽኝ ያቋረጡት ትምህርት፣ የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረትም አለ። ጥፋቱን በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀደም በየዓመቱ ሲሰጥ የኖረው ራይት ስንቱን ባዶ ቦታ ሸፍኖ እንደ ነበር ማሰብም ግድ ይላል።

ከዚህ ተነሥቶ «ተማሪው ራሱ ይልፋ» ብሎ በሩን የሚዘጋ ዐዋቂ ደግሞ ከገልባጩ ረዳት የባሰ በደለኛ ነው። ባለ ገንዘብ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል። እናቷ በማታ ፈረቃ ላይ ያለች፣ አባቷ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፈ ልጅ ግን በሩ ሲዘጋባት የምትሄድበት የላትም። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቂሊንጦ፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የእርሷ ቤት ከዩኒቨርሲቲው የሚርቀው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በዚያች ምሽት ጎረቤቷ በሩን በመክፈቱና ባለመክፈቱ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በዘመኑ የነበረው አገዛዝ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ እውነት አስተምሯል፦ ዕውቀት ያለው ሰው ዕዳ አለበት። ዘማቹ ዙሩ ሲያልቅ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ ሥራው የሚመዘነው ከሄደ በኋላ ገበሬው ብቻውን ሊያነበው በሚችለው ፊደል ነው።

የዕርዳታ ሚዛንም ይኸው ነው፤ ረዳቱ ሲለይ በተረጂው ዘንድ የሚቀረው። ይህ ሚዛን መምህሩን ብቻ ሳይሆን ከያኒውንም ይመለከታል። መልሱን ከመድረክ ላይ አውጆ ተመልካቹን በጭብጨባ የሚያሰናብት ቴአትር ደብተር አስገልብጧል፤ ተመልካቹ መስመሩን ራሱ እያሰመረ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ቴአትር ግን አስተምሯል።

የአቃቂዋ ተማሪ በማግሥቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትደርስ አንድ የክፍል ጓደኛዋ «ሠርተሻል? አስገልብጪኝ» ይላታል። በዚያች ቅጽበት ጎረቤቷ በማታው የዋለላት ውለታ ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። ደብተሯን ብቻ ይዛ ከሆነ፣ ደብተሯን ትሰጠዋለች። ዕውቀቱን ይዛ ከሆነ ግን አጠገቡ ተቀምጣ «ስንት ጎነ ሦስት ይታይሃል?» ብላ ትጠይቀዋለች።