የድኻ ሽማግሌን መልክ መሣል

የድኻ ሽማግሌን መልክ ሥሎ መሸጥ ሰውየውን ማክበር ነው ወይስ መጠቀሚያ ማድረግ? በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ባሮክ በሚባለው የአውሮፓ ሥነ ጥበብ ዘመን የታተሙ ሥዕሎች ይህን ጥያቄ ያስነሡብናል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሠዓሊው የመዳብ ሰሌዳ ሰም በመሰለ ነገር ቀብቶ በመርፌ ይሥልበታል፤ ሰሌዳው አሲድ ሲነካው በመርፌ የተገለጠው መሥመር ብቻ ይቦረቦራል፤ በዚያ መሥመር ቀለም ሞልቶ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ የድኻ ሽማግሌ መልክ በብዙ ሰዎች እጅ ገባ።

ነገር ግን እንዴት ሆኖ ገባ? የናንሲው ዣክ ካሎ እ.ኤ.አ. በ1622 ገደማ 25 የለማኞች ሥዕሎችን ሠራ። በምርኩዝ የሚሄዱ ደካሞችና አንዲት ባለ ድመት አሮጊት ይገኙባቸዋል። እጁ እጅግ የሠለጠነ ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ሰንደቅ የያዘ የወሮበሎች አለቃ ስላቆመ፣ ተመልካቹ ተከትለው የሚመጡትን ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን እንዲያይ ያደርገዋል።

የሆላንዱ ሬምብራንት ደግሞ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ በ1628 የአንዲት አሮጊትን ፊት ሠራ፤ እናቱ እንደሆነች ሲነገር ኖሯል። የፊቷን መጨማደድ አልሸሸገም፤ አላፌዘበትምም። በ1630 ግን ከዚህ አልፎ ሄደ፤ ይኸውም መሬት ላይ የተቀመጠ ለማኝ ሲሥል የራሱን መልክ ሰጠው።

«እርሱም ቢሆን ሸጦ ተጠቅሟል፤ የለማኞቹን ስም እንኳ አናውቅም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሥዕል የተራበን አያጠግብም። ይሁን እንጂ በሰው ላይ ፈራጅ ሆኖ በመቆምና አጠገቡ በመቀመጥ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። «እኔ በዚህ ቦታ ብሆን እንዲህ እንድታይ እፈቅዳለሁን?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሠዓሊ ሌላውን አያዋርድም እንላለን።

እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ሆይ፤ ዛሬ መርፌና መዳብ አያስፈልገንም፤ ስልክ በእጃችን አለ። በደጀ ሰላም የተቀመጡትን አባትና እናት ፎቶግራፍ አንሥተን ለሺህ ሰው ከማሳየታችን በፊት ጎንበስ ብለን ስማቸውን እንጠይቅ፤ ፈቃዳቸውንም እንለምን። እምቢ ካሉንም ስልካችንን ወደ ኪሳችን መልሰን አጠገባቸው እንቀመጥ።