የብሩ ማኅተም የማይናገረው

በጾም ወራት ከሥጋና ከቅቤ መለየቱን እንችልበታለን። ዐይናችንስ ከዕቃ ይጾማል ወይ? ኑሮህ ለንደን ከሆነ ቅዳሜ ፖርቶቤሎ ገበያ ወጥተህ፣ አሮጌ የእንግሊዝ የብር ማንኪያ አይተህ ልብህ ሸፍቶ ይሆናል። አልፈርድብህም፤ ያምራል። አንዱን የገዛ ግን ስድስት ካላደረገው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቀጥሎ ደግሞ ማስቀመጫው ቁም ሣጥን ያምረዋል።

እስቲ ማንኪያውን ገልብጠው። የሚራመድ አንበሳ ካለበት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው። የነብር ራስ ከሆነ በለንደን፣ መልሕቅ ከሆነ በበርሚንግሃም ተፈትኗል። አንዲቷ ፊደል ዓመቱን ትነግርሃለች፤ የአንጥረኛው ስም መነሻ ፊደላትም አሉ። በእውነቱ ያስቀናል፤ የእኛ ገበያ በርበሬ እንዲህ ቢመሰከርለት!

ዳሩ ግን ማኅተሙ ስለ ብሩ እንጂ ስለ ሰው አይመሰክርም። የስኳር መቆንጠጫው ንጹሕ ነው፤ በዚያ ዘመን ይቆነጥጠው የነበረው ስኳር ግን ከአፍሪካ በግፍ ተግዘው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በተወሰዱ ባሪያዎች ላብ የመጣ ነበር። እንጨቱማ እንዲህ ያለ ማኅተም እንኳ የለውም። በ1721 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ በሚመጣ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ ስታነሣ የጃማይካ ማሆጋኒ ወደ ለንደን ጎረፈ። ዛፉን ጫካ ገብተው የሚጥሉት፣ ጎትተውም የሚያወጡት ባሪያዎች ነበሩ። ያ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጠረጴዛ፣ ያ መሳቢያው ድምፅ ሳያሰማ የሚከፈት ቁም ሣጥን ከዚያ ዛፍ ተሠራ።

«እኔ በላቤ ገዛሁት፤ እነዚያ ሁሉ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ምን አገባኝ?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አንተ ማንንም አልገረፍክም። ጠረጴዛውን ብታቃጥለውም ነጻ የሚወጣ የለም። ነገር ግን በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎት ወደ ለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የገባውን የወርቅ ጽዋ ስናይ ምን እንላለን? «እንዴት ያምራል» ብለን እናልፋለን? አናልፍም። «ይህ እንዴት እዚህ መጣ?» እንላለን፤ ዐይናችንም እንባ ያቀርራል። ታዲያ ለጽዋችን የምንጠይቀውን ጥያቄ ለጃማይካው እንጨት ከነፈግነው፣ ያዘንነው ለተበደለ ሰው ነው ወይስ ለራሳችን ዕቃ ብቻ?

ዕቃውን ጣለው አልልህም። እንግዳ መጥቶ ጠረጴዛህን ሲያደንቅልህ ግን ስለ አናጢው ብቻ አታውራለት፤ ዛፉን ስለጣሉትም ንገረው። ልጆችህ አጠገብ ካሉ እነርሱም ይስሙ።