«ቀንድ አውጣ የበላ ልጄን አያገባም»

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

የዛሬው ርዕሴ ከምሳ በፊት ለሚያነብ ሰው የሚመች አይደለም። አንዳንዱ ገና «ቀንድ አውጣ» የሚለውን ቃል ሲያይ ፊቱን አኮሳትሮ ገጹን እንደሚገለብጥ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። እኔ ራሴ በልቼ አላውቅም፣ ልበላም አላስብም። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ፍጡር የተነሣ አንድ ኒካሕ ጫፍ ደርሶ ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያፈረሰውም የኔው ምላስ ነው። ከምላሴ ይልቅ ደግሞ ዝምታዬ የባሰ አጥፍቷል።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቦታው ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም የማይርቀው ዶሮ ማነቂያ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ለትምህርት ሄዶ ሞሮኮ አራት ዓመት ተቀምጦ ተመልሷል፤ የሠፈራችንን ልጅ ለማግባት አስቦ ሦስት ሆነን ሽማግሌ ሄድንለት። ዝናቡ ከዙሁር ጀምሮ አላባራም። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ከበሩ መቃን አጠገብ፣ እርጥቡ ግድግዳ ላይ፣ አንዲት ቀንድ አውጣ ቀንዷን ዘርግታ ስትሳብ አየሁ። ሻይ ቀረበ፤ ስለ ዘመድ አዝማዱ ተጠያየቅን፤ ሁሉም በመልካም እየሄደ ነበር። የልጅቱ አባት (ሐጂ እያልኩ ልጥራቸው) ልጁ ሞሮኮ ምን እየበላ እንደኖረ ጠየቁ። እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ምላሴ አላርፍ ብሎ፣ ጨዋታ ላደምቅ፣ «ሐጂ፣ እዚያ አገር ይህቺን በርዎ ላይ ያለችውን ቀንድ አውጣ ቀቅለው ይበላሉ! ልጃችንም ቀምሶላችኋል» አልኩ።

ሳቅ ስጠብቅ ቤቱ ጸጥ አለ። ሐጂ ብርጭቆውን ስኒ ማስቀመጫው ላይ መለሱት።

«በላ?» አሉኝ።

«ኧረ ቀመሰ ነው እንጂ...»

«ልጄ፣ የቀመሰና የበላ ምን ለየው? ቀንድ አውጣ የበላ ልጄን አያገባም።»

ወንድማቸው ተቀብለው፣ «ለመሆኑ ሰዎቹ ሙስሊሞች ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ መልሱን አውቅ ነበር። ጓደኛዬ ነግሮኝ፣ በኋላም ከኪታብ አጣርቼ፣ ኢማሙ ማሊክ ምን እንዳሉ አንብቤያለሁ። ግን ሽማግሌ ፊት ዓሊም መስሎ መታየቱን ፈራሁ። «እንነሣ» ተባለ፣ ተነሣን።

በዚያ ሠፈር እንዲህ ያለ ፍርድ መሰጠቱ ሳያስገርመኝ አልቀረም። የስሙን ነገር ልብ በሉልኝ! ታንቆ የሞተ እንስሳ ሐራም መሆኑ በሱረቱል ማኢዳ 3ኛው አንቀጽ ተደንግጓል። እኛ ግን «ዶሮ ማነቂያ» በሚባል ሠፈር ተወልደን ስናድግ ስሙ አንድም ቀን አልከነከነንም። አራዳ ደግሞ የእንግዳ ምግብ ያላየ ቦታ አይደለም። ጣልያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊት የከተማይቱ ትልቁ ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ የመናዊው፣ ሕንዳዊው፣ አርመናዊውና ግሪካዊው እዚያው ነግዷል፣ እዚያው በልቷል።

ሆኖም የሐጂን ድንጋጤ የሚረዳው በአገራችን ሥጋ ሥጋ ብቻ አለመሆኑን የሚያውቅ ነው። ጨረቃና ኮከብ የተሣለበት ሉካንዳ አለ፤ መስቀል የተሣለበት ሉካንዳ አለ። ከወሎ እስከ ጎንደር «የክርስቲያን ሥጋ በላ» የተባለ ሙስሊም ከሃይማኖቱ እንደወጣ ይቆጠራል፤ «የእስላም ሥጋ በላ» የተባለውም ክርስቲያን እንዲሁ። በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ ቡና እየተጠራሩ፣ በሐዘን አንድ ድንኳን እየተቀመጡ፣ ቢላዋው ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። (ይህ ልማዳችን ከሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ዛሬ አልነካውም።) ስለዚህ በእኛ ጆሮ «ሐራም ሥጋ በላ» ማለት «ኃጢአት ሠራ» ከማለት ያለፈ ነው፤ «የእኛ አይደለም» ማለት ነው። የሐጂ ወንድም «ሙስሊሞች ናቸው?» ብለው የጠየቁት ከዚህ የተነሣ ነው። ቀንድ አውጣን በመጠየፍ በኩል እንኳ መስቀሉም ጨረቃውም አንድ ቃል ነው!

ወደ ሸሪዓው እንምጣ። ቀንድ አውጣ በቁርኣን ውስጥ በስሟ አልተጠቀሰችም። ሱረቱል አዕራፍ 157ኛው አንቀጽ ላይ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልካሙን ነገር እንደሚፈቅዱ፣ ኸባኢስን ማለትም ቆሻሻና አስጠያፊ የሆነውን እንደሚከለክሉ ተነግሯል። ዑለሞች የተለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ አስጠያፊ ለማን? በሻፊዒ መዝሀብ በስም ሳይጠቀስ የቀረ እንስሳ በዐረቦች የተለመደ ጣዕም ይመዘናል፤ እነርሱ የተጠየፉት አይበላም። የአገራችን ሙስሊም በብዛት የሚከተላቸው የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች የየብስ ቀንድ አውጣን ከምድር ተሳቢ ነፍሳት ጋር መድበው ከልክለዋል። በ456 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የአንደሉሱ ኢብን ሐዝምም ማረድ የማይቻል የየብስ እንስሳ እንዴት ይበላል ብለው ከልክለዋል። እንግዲህ ሐጂ «እኛ ዘንድ አይበላም» ቢሉ ኖሮ ትክክል ነበሩ። መዝሀባቸው አለላቸው።

በሌላ በኩል በ179 ዓመተ ሂጅራ መዲና ላይ ያረፉት ኢማሙ ማሊክ አሉ። በመግሪብ በረሃ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ስለሚገኝ «ሐለዙን» ስለሚባል ነገር ተጠይቀው፣ እንደ አንበጣ እንደሚያዩት፣ በሕይወት ተይዞ የተቀቀለው ወይም የተጠበሰው ቢበላ ችግር እንደሌለው፣ ሞቶ የተገኘው ግን እንደማይበላ መመለሳቸው «አል-ሙደወና» በተባለው የመዝሀቡ ትልቅ ኪታብ ውስጥ ሰፍሯል። ሐለዙን ማለት ቀንድ አውጣ ነው። የማሊኪ መዝሀብ ደግሞ የሩቅ እንግዳ አይምሰላችሁ፤ ሱዳን በአብዛኛው በእርሱ ይሄዳል፣ በቤኒሻንጉል በኩል ያሉ ወንድሞቻችንም ዘንድ አለ። ሞሮኮዎችን «ሙስሊሞች ናቸው?» ብሎ መጠየቅማ፣ በ859 ዓ.እ. በፋጢማ አል-ፊህሪ እንደተመሠረተ የሚነገርለትን የፌዝን ቀረዊይን መስጊድ ምን ሊያደርጉት ነው?

የማሊክ ንጽጽር ከአንበጣ መነሣቱን እዩ። አንበጣ ሳይታረድ እንደሚበላ በሐዲስ የጸና ነው፤ ሶሐባዎች ከነቢዩ ጋር በዘመቱባቸው ጊዜያት አንበጣ ይበሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ አገራችንን ሲወር አንድ ጎረቤቴን፣ «ይህ እኮ ሐላል ነው» ብለው፣ «ሐላልነቱ ላንተ ይሁን» አለኝ። አልበላም፤ ሐራምም አላለም። እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። አለመብላት መብት ነው። ሐራም ብሎ መፈረጅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሱረቱ ነሕል 116ኛው አንቀጽ፣ በምላሳችን እንዳመጣልን ይህ ሐላል ነው፣ ያ ሐራም ነው እያልን በአላህ (ሱ.ወ.) ላይ ውሸት እንዳንቀጥፍ ተከልክለናል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው የደቡ ታሪክ ነው። ደብ የበረሃ እንሽላሊት ነው። በእናታችን በመይሙና ቤት የተጠበሰ ደብ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበላቸው። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ሐራም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለም፣ ነገር ግን በሕዝባቸው አገር ስላልነበረ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ገለጹላቸው። ኻሊድም ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው እዚያው በሉ፤ ነቢዩ እያዩ! ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ መአድ ላይ አንዱ ተጠይፎ እጁን ይሰበስባል፣ ሌላው ይበላል፤ ማንም ማንንም ከማዕዱም ከዲኑም አላባረረም። እኛ ግን ገበታው ላይ ስሟ በመጠራቱ ብቻ ተበተንን።

ስለ መጠየፍ ካነሣን፣ ያ ጓደኛዬ የሞሮኮ ጓደኞቹን ስለ ጥሬ ሥጋችን ነግሯቸው ነበር። ትኩስ ቁርጥ በሚጥሚጣ እያጠቀስን እንደምንበላ ሲሰሙ አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ ሄደ አለኝ። ዶሮ ማነቂያ ቢመጣማ ምን ሊሆን ነበር?

አሠራሩን ለማወቅ ለምትሹ፦ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ተለቅመው ለቀናት ያለ ምግብ ይቆያሉ፣ ሆዳቸው እንዲጸዳ። ከዚያ ልጋጋቸው እስኪለቅ በጨው ደጋግመው ያጥቧቸዋል፣ በመጨረሻም ጦስኝ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቃሪያና ሌላም ብዙ ቅመም በገባበት ውሃ ይቀቀላሉ። ማራኬሽ ውስጥ ጀማዕ አል-ፍና በሚባለው አደባባይ በጋሪ ላይ በትኩሱ ይሸጣሉ፤ ሰው ቆሞ በስቲኪኒ እያወጣ ይበላል፣ መረቁንም ለብርድ ለጉንፋን እያለ ይጠጣል።

እኔን ሥጋቱ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው፣ ልደብቀው አልችልም። በሕይወት ያለን ፍጡር ወደ ፈላ ውሃ መጨመር ይከብደኛል። ነቢያችን በእርድ ጊዜ እንኳ ቢላዋው እንዲሳል፣ እንስሳው እንዳይሠቃይ አዘዋል። የማሊኪ ዑለሞች የአላህ ስም ተጠርቶ፣ ታስቦበት እንዲገደል ያስገድዳሉ። ቶሎ እንዲሞት ማድረግ ደግሞ የሚያበስለው ሰው ግዴታ ነው እላለሁ። ይህን የምለው ግን እንደ አንድ የሚያስብ ሙስሊም እንጂ እንደ ሙፍቲ አይደለም።

በዚያን ዕለት ቤት ውስጥ የነበረ አንድ ወጣት፣ «ሐራምነቱ ቢቀር እንኳ ቢልሃርዚያ ነው!» ብሎ ነበር። የአገራችን ሰው ቀንድ አውጣን የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.እ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ማየታቸው ስመ ጥር ግኝት ሆኗልና። ነገር ግን ያ የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። በሽታውም የሚይዘው በመብላት ሳይሆን ትሉ ባለበት ውሃ ውስጥ ስንገባ በቆዳችን ዘልቆ ነው። ጥሬውን ወይም በደንብ ያልበሰለውን የየብስ ቀንድ አውጣ መብላት የራሱ ሌላ አደጋ አለው፤ ስለዚህ የሚበላ ሰው ሳያበስል አይብላ።

ያ ቤት ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የሐጂ ቤተሰብ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ጓደኛዬም ልጅቷም ሌላ አላገቡም። ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ኪታቡን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በመጀመሪያ አፉ እንዲሉኝ ለመንኳቸው፤ የማውቀውን ይዤ ዝም ብያለሁና። ከዚያ የኢማሙን ቃል አነበብኩላቸው፣ ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ራሳቸው ፈለጉት፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ኢማሙ ማሊክ ራሳቸው ናቸው?»

«ራሳቸው ናቸው ሐጂ።»

«እኔ ሻፊዒ ነኝ።»

«እኔም ነኝ ሐጂ።»

ኪታቡን ዘግተው መለሱልኝ። «ልጁ ይምጣ» አሉ። «ግን ንገረው፤ ልጄ ድስት ውስጥ እንዳያስገባት። እዚህ ፎቅ ላይ ደግሞ አልሐምዱሊላህ፣ ከግድግዳው የሚለቅመው አያገኝም።»